የሳሶ ዶሮዎቼ ለፋሲካ ስንት ኪሎ ይደርሳሉ? ሦስት ቀመር ሦስት መልስ ሰጠኝ

የጡረታው መምህር — የካቲት 29፣ 2017

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 34 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሞጆ ግቢዬ ውስጥ አንዲት አሮጌ መጋዘን ነበረችኝ፤ እሷን አጽድቼ ዶሮ አረባለሁ። ዘንድሮ ጥር 2፣ ዓርብ ቀን፣ 240 የአንድ ቀን የሳሶ ዝርያ ጫጩት አስገባሁ። ዘጠኙ በመጀመሪያው ሳምንት ሞቱብኝ፤ 231 አሉ። ሐሳቤ ለፋሲካ ማድረስ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ይውላል፤ ስቅለት ሚያዝያ 10 ዶሮዎቼ 98 ቀን ይሞላቸዋል። አሁን ሁዳዴ ስለሆነ ቢደርሱም የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ ቀኑ አይነቃነቅም፣ የማላውቀው ክብደቱን ብቻ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጠዋት፣ መኖ ሳይቀርብላቸው፣ 20 ዶሮ ይዤ በባልዲ እያደረግሁ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝናለሁ። አማካዩ ይኸውላችሁ፦

በገቡበት ቀን 40 ግራም
በ14ኛው ቀን 139 ግራም
በ28ኛው ቀን 334 ግራም
በ42ኛው ቀን 630 ግራም
በ56ኛው ቀን (ትናንት) 992 ግራም

መጀመሪያ የሞከርኩት ለባንክ ወለድ የምንጠቀምበትን ቀመር ነው። ከ40 ተነስቶ በ56 ቀን 992 ለመድረስ በየቀኑ 5.9 በመቶ ማደግ ያስፈልጋል። በዚሁ ከቀጠለ ስቅለት ላይ አንዱ ዶሮ 11 ኪሎ ይሆናል። ይህ እንደማይሆን ማንም ያውቃል፤ ማደግ የሚያቆም ነገር በወለድ ቀመር አይገለጽም።

ቀጥሎ ሎጂስቲክ የሚባለውን፣ ቬርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ለሕዝብ ብዛት ያወጣውን፣ ሞከርኩ። መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ መሀል ላይ ይፈጥናል፣ ከዚያ ጣራ ነክቶ ይቆማል። በ0፣ በ28 እና በ56ኛው ቀን ክብደቶች ብሠራው ጣራው 1,233 ግራም ወጣ። ዶሮዎቼ አሁንም መኖ ሲቀርብላቸው ተሻምተው ነው የሚበሉት፤ ከሁለት መቶ ምናምን ግራም በኋላ ማደግ ያቆማሉ ብዬ ለማመን አልቻልኩም።

ዩኒቨርሲቲ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ ጎምፐርትዝ የሚባለውን ላከልኝ። እሱን በወረቀትና በካልኩሌተር መሥራት እንደሚቻል ሳይ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የክብደቱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ስትወስዱ፣ ከጣራው ሎጋሪዝም ያለው ርቀት በእኩል ጊዜ በእኩል ሬሾ ይቀንሳል። ጂኦሜትሪክ ተርታ ማለት ነው! ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር በዶሮ ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሦስቱ ቁጥሮች ስሠራው ርቀቶቹ 4.357፣ 2.235 እና 1.146 ሆኑ፤ ሬሾው በ28 ቀን 0.513 ነው። ጣራው 3,122 ግራም ወጣ። በዚህ ሒሳብ ስቅለት ላይ 2,049 ግራም ይሆናሉ።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት «እያንዳንዱ 2 ኪሎ ከሞላ 100 ዶሮ እወስዳለሁ» ብሎኛል። ቃል ልግባለት? ሎጂስቲኩና ጎምፐርትዙ የተሠሩት በእነዚያው ሦስት ቁጥሮች ነው፤ አንዱ 1,233 ሌላው 3,122 ሲለኝ የትኛውን፣ በምን መለኪያ ልመን? ከሙያው ሰው መስማት እፈልጋለሁ።

ኮብ ዘቢሾፍቱ — የካቲት 29፣ 2017

ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። እኔ የማረባው የሥጋ ዶሮ ነው፤ ከጫጩቱ ጋር ሰንጠረዥ ይሰጠናል፣ በ35 ቀን 2 ኪሎ ያልፋል የሚል። እኔ ቤት ከሰንጠረዡ ዝቅ ያላለበት ዙር የለም፤ ሰንጠረዡ የሚናገረው ሙቀቱም መኖውም እንደሚፈለገው ለተሟላለት ዶሮ ነው። ለሳሶ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ቢይዝ ነው የሚያዋጣው፤ እርስዎ መያዝዎ በጣም ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ሃያዎቹን እንዴት ነው የሚይዟቸው? እኔ ብዙ ጊዜ የተሳሳትኩት በሚዛን አይደለም፣ በአያያዝ ነው። ቤት ውስጥ ገብቶ የቀረበውን ላፍ ማድረግ አይሆንም። ወፍራሙ ስለሚከብደው አይሮጥም፣ የታመመውም አይሮጥም፣ ቀልጣፋው መካከለኛ ያመልጣል። አንድ ጥግ በጣውላ ወይም በካርቶን ከልለው፣ እዚያ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ፣ አንድም ሳይመርጡ ይመዝኑ። 23 ከሆነ 23ቱንም።

ሰብለ እንስሳት እርባታ — የካቲት 30፣ 2017

መምህር፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማስተርሴን የሠራሁት በዶሮ እድገት ኩርባ ላይ ነው፤ በኮምፒውተር የምንሠራውን እርስዎ በሦስት ነጥብና በካልኩሌተር ሲሠሩት ሳይ በጣም ነው ያስደሰተኝ።

በመጀመሪያ የትኛውን እንመን ላሉት። ሁለቱም ኩርባዎች በ0፣ በ28 እና በ56 ላይ በትክክል ያልፋሉ፤ እንዲያልፉ አድርገው ሠርተዋቸዋልና በእነዚያ ማወዳደር አይቻልም። ነገር ግን ያልተጠቀሙባቸው ሁለት ዓርቦች በእጅዎ አሉ። ሎጂስቲኩን በ14ኛው ቀን ስንት ነበር ብለው ቢጠይቁት 124፣ በ42ኛው 682 ይላል። ጎምፐርትዙ 138 እና 630 ይላል። የእርስዎ ሚዛን ያለው 139 እና 630 ነው። ይኸው፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው መልሰውልዎታል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከመታጠፊያው፣ ማለትም የእድገቱ ፍጥነት ጫፍ ደርሶ መቀነስ ከሚጀምርበት ነጥብ፣ ነው። ሎጂስቲክ ፍጥነቱ ጫፍ የሚደርሰው በጣራው ግማሽ ላይ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ወደ ላይ የወጣበትና ወደ ጣራው የሚጠጋበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው። ጎምፐርትዝ ጫፉን ቀደም ያደርገዋል፣ ከጣራው 37 በመቶ ገደማ ላይ። ከዚያ በኋላ ረጅም፣ ቀስ በቀስ የሚቀንስ እድገት ይከተላል። የዶሮ ጠባይ ወደዚህኛው ይጠጋል። በእርስዎ ቁጥር መታጠፊያው 62ኛው ቀን አካባቢ፣ 1,150 ግራም ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማለት ነው። ያኔ በቀን 27 ግራም ያህል ይጨምራሉ፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። እስከ ፋሲካ የቀን ጭማሪው እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ ሰውነታቸው ግን ስለከበደ ራሳቸውን ለመያዝ ብቻ የሚበሉት ይጨምራል። የመኖ ወጪዎን በዚህ ያስሉት።

ቀመሩን ያወጣው ጎምፐርትዝ ለንደን ውስጥ የሕይወት መድን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1825 ሲጽፈው የፈለገው የሰው ልጅ የመሞት ዕድል ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር ለማወቅ ነው። ለእድገት ይሆናል ብለው ያነሱት ሴዋል ራይት በ1926፣ ቻርልስ ዊንሰር ደግሞ በ1932 ነበሩ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ጫጩት በየቀኑ የምትጨምረው መቶኛ ራሱ በየቀኑ በተወሰነ መቶኛ ይቀንሳል። የእርስዎ ጫጩቶች ሲገቡ በቀን 10 በመቶ ያህል ያድጉ ነበር፤ ትናንት ወዲያ ግን 2.7 በመቶ ላይ ነበሩ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። 3,122 የሚለውን ጣራ አይመኑት። ኮብ ዘቢሾፍቱ ስለ አያያዝ ያለውን ይዘን በ28ኛው ቀን የወጣው አማካይ 14 ግራም ብቻ ተሳስቷል እንበል። እውነተኛው 320 ከነበረ፣ በዚያው ዘዴ ጣራው 3,827 ይሆናል። 348 ከነበረ 2,652። አንዲት የሾርባ ማንኪያ ጨው በማትሞላ ስህተት ጣራው ከአንድ ኪሎ በላይ ይዋዥቃል! ዶሮዎቹ ከመታጠፊያው በፊት ስለሆኑ ጣራው የት እንዳለ ገና አልነገሩንም፤ ቀመሩ ከሩቅ እየገመተ ነው።

የቅርቡ ግን እንዲህ አይዋዥቅም። በእነዚያው ሦስት ግምቶች በ84ኛው ቀን 1,836፣ 1,734 ወይም 1,647 ይሆናሉ። በ98ኛው ቀን 2,226፣ 2,049 ወይም 1,904። ስለዚህ ኩርባውን ሲያድግ የት እንደሚያቆም ሳይሆን የሚቀጥሉትን አራት አምስት ሳምንታት ይጠይቁት፤ አዲስ ሚዛን በወጣ ቁጥርም ደግመው ይሥሩት።

ሌላም አለ። አውራና ሴት ለይተዋል? ካልለዩ አማካይዎ የሁለት የተለያዩ ኩርባዎች ድብልቅ ነው። ምግብ ቤቱ ደግሞ አማካይ አልገዛም፤ «እያንዳንዱ» ነው ያሉት። አማካዩ 2,049 ቢሆን እንኳ ከመንጋው ግማሽ ገደማው ከ2 ኪሎ በታች ነው። እኔ ብሆን 100 አልልም፤ 80 አውራ ብዬ እነግራቸው ነበር።

እናት ዓለም — የካቲት 30፣ 2017

ወንድሜ፣ እኔ ዶሮ ሳረባ 20 ዓመቴ ነው፤ ቀመር አላውቅም። አንድ ነገር ግን ላስታውስዎት፦ በበዓል ገበያ ላይ ሚዛን የያዘ ገዢ የለም። ሴትየዋ ዶሮውን አንስታ በእጇ ትመዝነዋለች፣ ደረቱን ትዳስሳለች። የደረቱ አጥንት እንደ ቢላ ከወጣ 2 ኪሎ ነው ቢሏት አትሰማዎትም። መልኩም ዋጋ አለው፤ ቀይ አውራ ሁሌም ከሌላው ቀድሞ ይነሳል። ሳሶ ቀይ መሆኑ ይረዳዎታል።

ሒሳቡን ግን አይተዉት። እኔ መቼ እንደማስገባ ሁልጊዜ በግምት ነው የማደርገው፤ አንድ ዓመት ለገና ብዬ ያስገባሁት ገና ጫጩት ሆኖ ቀረብኝ፣ ሌላ ዓመት በጾም መሀል ደርሶ መኖ ጨረሰብኝ። ስንት ቀን ወደ ኋላ መቁጠር እንዳለብኝ የሚነግረኝ ካለ እጄን ዘርግቼ ነው የምቀበለው።

የጡረታው መምህር — መጋቢት 1፣ 2017

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰብለ ልጄ፣ የ14 ግራሙን ሒሳብ ደግሜ ሠራሁት፤ ልክ ነሽ። ሁልጊዜ ተማሪዎቼን «መልሱን ብቻ አትዩ፣ መነሻው ትንሽ ቢነካ መልሱ ምን ይሆናል በሉ» እላቸው ነበር፤ ለራሴ ግን አላልኩም። ኮብ ዘቢሾፍቱ፣ የያዝኳቸው የቀረቡኝን ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ጥግ እከልላለሁ። አውራና ሴት አልለየሁም፤ አሁን ጉትዬአቸው ስለታወቀ እለያለሁ።

እናት ዓለም፣ ላነሱት የማውቀውን ልንገርዎት። ቀመሩን ገልብጦ «1 ኪሎ ተኩል የሚሆኑት መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በእኔ ቁጥር 75 ቀን ያህል ይወጣል፤ ለ1,800 ግራም 87 ቀን። ይህ በእኔ ቤትና በእኔ መኖ ነው። የእርስዎን የሦስት ጊዜ ሚዛን፣ በእኩል ቀን ልዩነት፣ ቢልኩልኝ ቁጭ ብዬ እሠራልዎታለሁ።

ለምግብ ቤቱ ሰውዬ ደውዬ 80 አውራ አልኩት። ትንሽ ቅር አለው፤ ግን ተስማማ።

የጡረታው መምህር — ሚያዝያ 20፣ 2017

እንኳን ከብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ቃል ገብቼ ነበርና።

መጋቢት 26፣ በ84ኛው ቀን፣ ከጥጉ የወጡት 30 ነበሩ፤ አጋጣሚ ሆኖ 15 አውራ፣ 15 ሴት። አማካዩ 1,668 ግራም። ኩርባው 1,734 ብሎ ነበር፤ 66 ግራም ጎድሏል፣ ሰብለ ካለችው ክልል ግን አልወጣም። አውራዎቹ ለብቻ 1,850፣ ሴቶቹ 1,486። ይህን ያህል ተራርቀው በአንድ አማካይ ሳጠቃልላቸው መቆየቴን ሳስብ በጣም ነው የቆጨኝ።

ስቅለት ጠዋት፣ በ98ኛው ቀን፣ የቀሩትን 228 በሙሉ አንድ በአንድ መዘንኩ። ባለቤቴ ትጽፍ ነበር። 112 አውራ አማካያቸው 2,170፣ 116 ሴት አማካያቸው 1,698። በጠቅላላው 1,930፤ ከ2,049 ግምቴ 119 ግራም ይጎድላል። ከአውራዎቹ ውስጥ 2 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆኑት 87 ናቸው። ሰማንያውን ለምግብ ቤቱ አስረከብኩ። 100 ብዬ ቢሆን ኖሮ 13 ዶሮ የሚጎድለኝ በስቅለት ቀን ነበር።

ለምን ጎደለ ብዬ ማስታወሻዬን አገላበጥኩ። ከመጋቢት 12 እስከ 22 ድረስ መኖ ተወድዶብኝ ፉርሽካ ቀላቅዬ ነበር። እነዚያ አሥር ቀኖች ግራፉ ላይ በግልጽ ይታያሉ፤ መስመሩ እዚያ ጋ ጎበጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ኩርባው የሚያውቀው እስከ 56ኛው ቀን የበሉትን ብቻ ነው፤ እኔ መኖውን ስቀይርበት ከየት ያውቃል? ያተረፍኩ መስሎኝ የቀላቀልኩት ፉርሽካ በክብደት እንደወሰደብኝ አሁን በቁጥር አየሁት። ከሴቶቹ 60 ያህሉን ለእንቁላል አስቀርቻለሁ፤ የቀሩትን ሰፈር ውስጥ ሸጥኩ።

ለ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሚውል ስቅለት ሚያዝያ 2 ነው። 98 ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር ታኅሣሥ 24 ይወጣል፤ ጫጩቱን ለዚያ ቀን አዝዣለሁ። በዚህ ጊዜ በየሳምንቱ እመዝናለሁ፣ ጉትዬአቸው እንደታወቀም አውራውን ለብቻ። ሰብለ ልጄ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በ28ኛው ቀን 20 መመዘን ይበቃል ወይስ 40 ላድርገው?

ሰብለ እንስሳት እርባታ — ሚያዝያ 21፣ 2017

መምህር፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። 112 አውራ አንድ በአንድ መዝነው መጻፍዎን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነው የነገርኳቸው።

በ28 ቀን የጫጩቶቹ ክብደት ከአማካያቸው በ40 ግራም ያህል ቢለያይ፣ የ20 ጫጩት አማካይ 9 ግራም ወዲህ ወዲያ ማለቱ የተለመደ ነው። ለ14 ግራሙ ብዙም አይርቅም። ስህተቱ የሚቀንሰው በቁጥሩ ካሬ ሥር ስለሆነ 40 ቢያደርጉት 6 ግራም ላይ ይደርሳል፤ ግማሽ እንዲሆን ከፈለጉ 80 መመዘን አለብዎት። አይክበድዎት፤ በዚያ ዕድሜ አሥር አሥር አድርገው በአንድ ባልዲ ሊመዝኗቸው ይችላሉ፣ 3 ኪሎ ከምናምን ነው የሚሆነው። ስምንት ባልዲ። የባልዲውን ክብደት መቀነስዎን ብቻ አይርሱ፤ ሚዛኑም 5 ኪሎ የሚችል ይሁን።